የአኮርዲዮኑ ገዢ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለእናቴ ወንድም፣ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጆሮዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃውን እሺ ይልዎታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ እጄም እግሬም ደህና ነው። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ለእርስዎ መዋሸት ስለማይሆንልኝ የጎደለብኝን እነግርዎታለሁ።

ሳጥኑ ደርሷል። ሁለቱ የኪስ ሰዓቶች፣ የቀያሹ ካሜራ፣ በሽቦ የታሰሩት የበር እጀታዎች፣ ሁሉም ሳይሰበር ገብቷል። አኮርዲዮኑን ሳይ ግን ክው አልኩ። ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል እቃ እንዴት ይልኩብኛል? ምድር ቤቴ እኮ ጠባብ ነው። ያለችኝ አንዲት መስኮት ናት፤ በሷም የሚታየኝ የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ነክተዋል፤ ፎቶ የማነሳበት ጠረጴዛ ጋ ለመድረስ በጎኔ ነው የማልፈው።

የሚወጣ እቃ ቢኖር ጥበቱን ባልጠላሁት። የምሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ዘንድሮ ደንብ ሲለውጥ ይሄ ሦስተኛው ነው። ድሮ እቃው ሲሸጥ ከመቶ ጥቂት ይወስድ ነበር። አሁን እቃውን ስለጥፍም ይወስዳል፣ ሲሸጥም ይወስዳል፣ ገዢው ለፖስታ ብሎ ከከፈለውም ላይ ይወስዳል። የፖስታውን ገንዘብ እኮ እኔ ኪሴ አላስገባውም፤ ወስጄ ለፖስታ ቤት ነው የምሰጠው። ጽፌ ብጠይቅ «ሻጮቻችንን በተሻለ ለማገልገል ነው» የሚል መልስ መጣልኝ። ማን እንደጻፈው እንኳ ስም የለውም።

ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ከወጣሁ ሁለት ክረምት ሆነኝ። አለቃዬን ያስታውሷታል፣ እኛ እንፋሎት የምንላት። ሽርጤን አጣጥፌ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጥኩ ቀን ቀና እንኳ ሳትል «ትመለሻለሽ» አለችኝ። ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ተቀምጣለች። የዛሬ ልፋቴ ሁሉ ላለመመለስ ነው። ይሄ ሱቅ ከተዘጋብኝ ከማጠቢያው በር ሌላ የማውቀው በር የለኝም፤ ይሄንን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ጋሼ፣ እስክጽፍልዎ ድረስ ሌላ እቃ አይላኩብኝ። ጉንጭዎን እስማለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 1

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

የያዝሽው ይበርክት፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ። ከጆሮዬ በቀር ሁሉ ነገሬ ሰላም ነው፤ ጆሮዬም ቢሆን የጎረቤት ሐሜት እንዳልሰማ የተዋለልኝ ውለታ ነው ብዬዋለሁ። ስልኩን የተውኩት ለዚሁ ነው። አንቺ አንድ ስትይ እኔ ሌላ እሰማለሁ፣ ከዚያ እጮሃለሁ፣ ሰፈሩ የተጣላን ይመስለዋል።

ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? ከሚለጠፈውም፣ ከሚሸጠውም፣ ከፖስታውም የሚቆርሰው? እኔ አርባ ዓመት በመጋዘኑ አዳራሽ መዶሻ ይዤ «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ስል የኖርኩ አጫራች ነኝ፤ ሰው እስከ ዛሬ መዶሻው እያለ ነው የሚጠራኝ። አዳራሹ የሚወስደው ከመቶ አምስት ነበር፤ እሱንም መዶሻው ከወረደ በኋላ። ላልተሸጠ እቃ የሚያስከፍል አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ተጫራቹ ወንበር ነበር የሚያነሳብን። ሂጂና ፊት ለፊት አናግሪው። ሴት ብቻዋን ናት ብሎ ንቆሽ ከሆነ አጎት አለኝ በይው።

ደግሞ አንድ ነገር ንገሪኝ። የናንተን ጨረታ የሚከፍተው ማነው? ሰው ያለ ከፋች አፉን አይከፍትም።

አትላክብኝ ብለሻል፤ እሺ። መላኩን አቆማለሁ፣ ያቃተኝ መቀበሉን ማቆም ነው። ከአንቺ ጋር መሥራታችን ከተሰማ ወዲህ ሳሎኔ የሰፈሩ ዕቃ ቤት ሆኗል። ቀያሹ ካሜራውን ካስረከበኝ ጀምሮ በየማለዳው «ምን ተባለ?» ይለኛል። ዳቦ ጋጋሪው የአባቱን ሚዛን አምጥቶ ሶፋዬ ላይ ጎልቶት ሄደ። በፊት ለፊት በር መውጣት ትቼ በጓሮ ነው የምሹለከለከው። በሰባ ዓመቴ በገዛ ቤቴ ሌባ መሰልኩ።

አኮርዲዮኑ የሙዚቃ መምህሩ ነው። ካረፈ ዓመት አለፈው። ባለቤቱን ታውቂያታለሽ፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ አልጋዋን በባልዲ አጥራ ነው የምታድረው። «ለሌላ ሰው አልሰጠውም፣ ላንተ ግን» ብላ ስታስረክበኝ ማንገቻውን ቶሎ አልለቀቀችውም። ደህና ዋጋ አወጣልሻለሁ ብያታለሁ። ቃሌን የሰጠሁት አንቺን ተማምኜ ነው፤ እንዳታሳፍሪኝ። ከተቻለሽም ለመጀመሪያ ቆርቆሮ የምትሆን ቀብድ ነገር ብትልኪላት አንጀቷ ይርሳል።

አጎትሽ


ኅዳር 22

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ ለብቻዬ ቆሜ አሜን ብያለሁ። ሰውነቴ ደህና ነው፣ እንቅልፌ ብቻ ሸሽቶኛል።

ጋሼ፣ ሰውዬ የለም። ቢኖርማ ደጁ ላይ ተኝቼ እጠብቀው ነበር። ያለው ገጽ ነው። ጥያቄ ስጽፍ መልሱ ቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ስለሆነ ያልጠየቅኩትን ይመልስልኛል። አጎት አለኝ የምለው ሰው አጣሁ።

ካሜራውን አንድ ሰው ገዝቶት ነበር። ከሳምንት በኋላ «አሮጌ ነው» ብሎ መለሰው። ርዕሱ ላይ አሮጌ ካሜራ ብዬ ነው እኮ የጻፍኩት። አዲሱ ደንብ ደግሞ ገዢ የመለሰውን ሻጭ በራሱ ወጪ ይቀበል ይላል። የመመለሻውን ከፈልኩ፣ ሽያጩ ፈርሶም የወሰዱትን አልመለሱልኝም። ለቀያሹ ምን ብለው እንደሚነግሩት አላውቅም፤ እኔ ብሆን በጓሮ እወጣ ነበር።

አኮርዲዮኑን ለጥፌው አንድም ሰው ሳይጫረት ጊዜው አለቀ። ለካ አሁን መታያ የሚባል ክፍያ መጥቷል። ካልከፈሉ እቃዎ መጨረሻ ገጽ ላይ ይጣላል፣ እዚያ ደግሞ ዝንብም አይደርስም። ከፍዬ እንደገና አወጣሁት፤ ጨረታው ታኅሣሥ 5 ማታ ይዘጋል። ስለ ከፋች የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ከፋች የሚባል የለም። ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ያያል፣ እኔ ደግሞ እነሱን አያለሁ። ማየት ካሻዎት የኮምፒውተር ቤቷ ሴትዮ ትክፈትልዎ፣ የእቃውን ቁጥር ከታች ጽፌዋለሁ።

ለምን ትተሽው አትወጪም ይሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። ሌላ ትንሽ ገበያ ላይ ሱቅ ከፍቼ ሦስት ወር ጠበቅኩ፤ የመጣልኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ተሳስቶ። ገዢው ሁሉ እዚህ ነው። ገና ማጠቢያ ሳለሁ ጀምሬ በስምንት ዓመት ከገዢዎች ያጠራቀምኳቸው ኮከቦችም እዚሁ ናቸው፣ ነቅዬ ልወስዳቸው አልችልም። የምድር ቤቱን ውል ደግሞ ለዓመት ፈርሜያለሁ። እጅ ከወርች ታስሬ ነው ያለሁት።

ባለፈው እንፋሎትን ሽንኩርት ስገዛ አገኘኋት። «ቦታሽ አለ» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ቀብዱን አልቻልኩም ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 6

ለኮራሁብሽ ልጄ፤

እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ጠላትሽ አንገቱን ይድፋ። ዛሬ ሰላምታዬን አላረዝምም፣ የምነግርሽ አለኝ።

ደብዳቤሽ በሰዓቱ ደረሰ። ሳነበው ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ልጄ፣ ችግርሽ ክፍያው ብቻ አይደለም፣ አዳራሽሽ ቀዝቅዟል። በእኛ ሙያ አዳራሽ ሲቀዘቅዝ አንድ ከፋች ከጀርባ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ይጠራል። ሁለተኛው ገፊ ነው፤ ከፋቹን ይገፋዋል። ሰው ሲሞቅለት ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ እውነተኛው ገዢ ይቀጥላል። ሁላችንም ስናደርገው የኖርነው ነው፤ ሻጭን ማክበር ነው።

እናም ልብስ ሰፊውን ወዳጄን ጠርቼ ኮምፒውተር ቤት ገባን። ሴትዮዋ ለእኔም ለሱም መጫረቻ መለያ አወጣችልን፣ በየስማችን። እሱን በዚያ ጥግ፣ እኔን በዚህ ጥግ አስቀመጠችን። ከፈትኩ። ገፋ። ጠበቅን፣ ሰው የለም። ትንሽ ላሙቀው ብዬ ጨመርኩ፤ ጨመረ። እንዲህ ስንል ልብስ ሰፊው ጨዋታውን ረሳው። ታውቂው የለ፣ በዳማ ሲሸነፍ እንኳ ሳምንት ያኮርፋል። ተው ብዬ በዓይኔ ብጠቅሰው የጎሪጥ አየኝ። እኔም ደሜ ፈላ፤ አርባ ዓመት የሰው ዋጋ ስጠራ ኖሬ ለራሴ አንድ ቀን ተጫርቼ አላውቅም። ሴትዮዋ «አባቶቼ፣ ሊዘጋ ነው» ስትል መጨረሻ የነካሁት እኔ ነኝ። ዋጋውን ሳየው መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አየሁት።

ግድ የለም። እቃው ከፋች ላይ ሲቀር በሚቀጥለው የጨረታ ቀን መልሶ ይወጣል፤ ደግሞ ያን ዋጋ ያየ ሰው በሚቀጥለው ይሻማበታል። አንቺ እንደገና አውጪው፣ እኛ እዚህ ተዘጋጅተናል።

አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። ልብስ ሰፊው አፉ አያርፍም። ዋጋውን ሰፈር ውስጥ ስለዘራው የመምህሩ ባለቤት ሰምታ መጣችና እጄን ልትስም አጎነበሰች። እንዴት ብዬ አልተሸጠም ልበላት?

ከፋችሽ፣ አጎትሽ


ታኅሣሥ 7

ጋሼ፤

ሰላምታ እንኳ ሳልደረድር የምጽፈው ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። አኮርዲዮኑ ተሸጠ። ሁለት ሰዎች ተናንቀውበት ነው የተሸጠው። ማን እንደሆኑ ገበያው አያሳይም፣ በቁጥር ነው የሚታዩት፤ ግን አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲጨምር ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። የመጨረሻውን ዋጋ ሳይ አለቀስኩ። የሰው እቃ የሚያውቅ፣ የሙዚቃ ፍቅር ያለው ሰው አሁንም በዓለም ላይ አለ ማለት ነው።

ለመምህሩ ባለቤት ይንገሯት። ገንዘቡ እንደተለቀቀ በመጀመሪያው መንገደኛ እልክላታለሁ። የእኔ ድርሻም ለሦስት ወር ኪራይ ይበቃኛል። ዛሬ በማጠቢያው በር ሳልፍ እንፋሎቱ ከጭስ ማውጫው ሲወጣ ቆሜ አየሁት፤ ቀና ብዬ አለፍኩ።

እግዜር ያክብርልኝ። ይሄ ሁሉ የእርስዎ ምርቃት ነው።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 24

ጋሼ፣ እንደምን አሉ። እኔ አለሁ።

የታኅሣሥ 6 ደብዳቤዎ ትናንት ገባ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተናነቁት እርስዎና ልብስ ሰፊው ናችሁ።

መቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። ክፉ አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ፤ ለእኔ ብለው ነው። አይንኩ ብዬ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አጎቴ ምን እንደሆኑ እያወቅኩ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግን ሆድ ባሰኝ ጋሼ። ያንን ሁሉ ስቄ አልቅሼ፣ ለራሴ ሻሽ እንኳ ገዝቼ ነበር።

እዚህ ከፋች የሚባለው ወንጀል ነው። ሻጭ ዘመዱን ካጫረተ ሱቁ ይዘጋል፣ ሌላ እንዳይከፍትም ስሙ ይያዛል። ገበያው ጠርጥሯል። በአንድ ቀን ሁለት አዲስ ሰዎች ከአንድ ኮምፒውተር ቤት ገብተው፣ በእኔ እቃ ላይ ብቻ ተጫርተው፣ ጠፉ። ሱቄን ቆልፎታል። ያለፈው ወር ሽያጬ በሙሉ እዚያው ተይዟል። ኮሚሽናቸውን ግን እናንተ ባሰቀላችሁት ዋጋ አስበው ከተያዘው ገንዘቤ ቆርጠው ወስደዋል፤ ያልተቆለፈው እሱ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ገጽ ልከውልኛል። ሁለት ሳጥን አለበት። አንደኛው «ገዢውን አውቀዋለሁ» ይላል፣ ሁለተኛው «ገዢውን አላውቀውም»። ሌላ የምጽፍበት ቦታ የለውም። አውቀዋለሁ ካልኩ ሱቁ ለዘላለም ይዘጋል፣ የተያዘውም ይቀራል። አላውቀውም ካልኩ ሽያጩ ይጸናል። ለሚቀጥለው ወር መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ።

እናቴ ስትሞት ከመቃብሩ እጄን ይዞ የመለሰኝን ሰው አላውቀውም እንድል ነው የሚጠይቁኝ። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለመምህሩ ባለቤት ምንም አይንገሯት፤ ወይም ይንገሯት፤ እሱንም አላውቅም።


ጥር 10

ለእህቴ ልጅ፣ ለማትከፊብኝ፤

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እኔ ያጣመምኩትንም ጭምር።

ደብዳቤሽን የኮምፒውተር ቤቷ ሴትዮ ጋ ሄጄ ጮክ ብላ አንብባልኛለች፣ ዓይኔን ተጠራጥሬ። ልብስ ሰፊውም ሰምቷል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መርፌ እየወጋው ነው። አፍሬያለሁ ልጄ። አርባ ዓመት ከጀርባ አንድ ሰው ሳስቀምጥ ኖሬ ሌብነት መሆኑን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ በእኛ ዘንድ ወዳጅነት ነበር።

ምን ታስቢያለሽ? «አላውቀውም» የሚለውን ንኪው። ቶሎ ንኪውና እርሺው። እኔ እንኳን ለማታውቂው ገጽ በአደባባይ ብትክጂኝም አልቀየምሽም። አንቺ ወደዚያ እንፋሎት ከምትመለሺ እኔ የማልታወቅ ሰው ልሁን። ደግሞ ሰውዬው ማን ስለሆነ ነው ዝምድናችንን የሚመዘግበው?

የኔን ጣጣ ልንገርሽ። የመምህሩ ባለቤት ትናንት መጣች። ስለ ገንዘቡ ልትጠይቀኝ መስሎኝ በጓሮ ልወጣ ስል በጓሮው በኩል ጠበቀችኝ፤ ለካ ሁሉም ሰው አውቆታል። «ገንዘቡ ይቅርብኝ» አለችኝ። «ጣሪያው ያፍስ። ማታ ማታ መደርደሪያው ባዶውን ሲሆን አልቻልኩም። ያን ያህል ዋጋ የከፈለ ሰው እቃ ያውቃልና ሐዘንም ያውቃል፤ ጻፍልኝ፣ ለምንልኝ፣ ይመልስልኝ» አለች። ገዢው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሽማግሌ ነው አልኳት። «ደግ ይመስላል?» አለችኝ።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ላይ ስጮህ የኖርኩት ሰውዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጽፍለታለሁ አልኳትና ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ግድግዳ እንጋራለን ብዬሻለሁ፤ ስታስል እሰማታለሁ። እውነቱን ልነግራት ተነስቼ ሦስቴ ጫማዬን አደረግኩ፣ ሦስቴም አወለቅኩት። አኮርዲዮኑ ሳይኖር እኔ ነኝ ብላት ምን ይጠቅማታል?

ንኪው ልጄ። የምትፈልጊውን ሁሉ በይኝ።

አጎትሽ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ


የካቲት 2

ለአጎቴ፤

ጋሼ፣ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። የዘገየሁት ሥራ ስለጀመርኩ ነው። የት እንደሆነ ይገባዎታል።

ነካሁት። «ገዢውን አላውቀውም» የሚለውን። ይከብደኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልከበደኝም፤ እሱ ነው ያሳዘነኝ። የእርስዎ «ሰውዬ» ወዲያው አመነኝ። ሱቄ ተከፈተ።

ሲከፈት ግን ይሄን ይዞ ነው። ሽያጩ ስለጸና ገዢው መክፈል አለበት፣ እኔም መላክ አለብኝ። ገዢው ካልከፈለ ጥርጣሬያቸው ትክክል ነበር ማለት ነውና ሱቁ ይዘጋል። እርስዎ ያን ዋጋ ከየት ያመጡታል? ስለዚህ እንፋሎት ጋ ሄድኩ። ሽርጤን ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችኝ፤ አልጣለችውም ነበር። የአምስት ወር ደሞዝ ቅድሚያ ሰጠችኝ፣ አስፈረመችኝ። የሌት ፈረቃ ነኝ።

ገንዘቡን ይሄን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ መንገደኛ ይዞታል። ለኮምፒውተር ቤቷ ሴትዮ ይስጧትና በስምዎ ትክፈልልዎ። ከእኔ ወደ እርስዎ፣ ከእርስዎ ወደ እኔ፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ በመሃል ደጃቸው ላይ ባለፈ ቁጥር ከላዩ ይዘግናሉ። አኮርዲዮኑን ዛሬ ልኬዋለሁ። የመምህሩ ባለቤት እጅ ይገባል፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ደህና ነገር ይኸው ነው።

ከእንግዲህ እቃ መላክ አይችሉም ጋሼ። ክትትል ላይ ያለሁ ሻጭ ስለሆንኩ ከገዢዬ ጋር አንድም ሌላ ግንኙነት ቢያዩ አለቀልኝ። ያለእርስዎ እቃ ሱቁ ምን ይሸጣል አይበሉኝ። ባዶም ቢሆን እንዳይዘጋ በየወሩ እከፍልለታለሁ፤ ከዘጋሁት የተያዘው ገንዘቤ አይለቀቅም። ከማጠቢያው ያወጣኛል ያልኩትን ሱቅ ለማቆየት ማጠቢያ ገባሁ። አንሶላ ሳወጣና ሳስገባ ይሄንን አስቤ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ጓደኞቼ አዩኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ቀርቶኛል። እቃው ሲደርስ ገዢው አስተያየት ካልሰጠ የተያዘውን አይለቁትም። የሚጽፉት ለሁሉም ሰው ይታያል። እባክዎ ስሜን አይጥሩ፣ አይመርቁኝ፣ ልጄ አይበሉኝ። እንደማያውቀኝ ሰው ይጻፉ።

የእህትዎ ልጅ


የገዢ አስተያየት
መጋቢት 9
እቃው፦ አሮጌ አኮርዲዮን
ኮከብ፦ አምስት

እቃው በደህና ደርሷል። ሻጯን አላውቃትም።

አስተሻሸጓ ጥሩ ነው። ጥግ ጥጉን በጨርቅ ሞልታዋለች፣ የሚነፋው ሆዱ እንዳይጨማደድ ወፍራም ካርቶን አስገብታበታለች። የሰው እቃ እንዲህ የሚይዝ ሰው እናቱ በደንብ ያሳደገችው ነው። እናቷንም አላውቃትም።

ሳጥኑን ስከፍት አንዲት ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆማ ነበር። «ገዢው አንተ ነህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በፊት ለፊት በር ይዛው ወጣች፤ እኔም ተከትዬ በዚያው ወጣሁ። ጣሪያዋን እኔና አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄ በላስቲክ ሸፍነንላታል፤ እሱ ዳር ዳሩን ሰፋው።

የሌሎቹን ሰዎች እቃ ሁሉ ለየባለቤቱ መልሻለሁ። አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ደስ አለው። ሳሎኔ ባዶ ነው፤ አንድ አልጋ ዘርግቼበታለሁ።

ይሄን የምትጽፍልኝ ሴትዮ ይበቃል፣ ይረዝማል ትለኛለች። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ላብቃ። ሻጯን ባውቃት ኖሮ፣ ይብቃሽ፣ ሱቁን ለሰውዬው ተይለትና ነይ እላት ነበር። ግን አላውቃትም።